ከሪህ እስከ ኤኮ፦ የእጃችን ሕመም እንዴት ሊታይ ቻለ

እኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ሲያም «ሪህ ነው» ይባላል። ካልሆነም «ቁርጥማት» ነው፣ ካልሆነም «ብርድ መታሽ»። እናቶቻችን ሦስቱን ቃል እያፈራረቁ ለአንድ ሕመም ይሰጣሉ፤ አንዱንም ቃል ለሦስት ዓይነት ሕመም ያውሉታል። እዚህ ሊባኖስ ደግሞ ማዳም «ሩማቲዝም» ትላለች፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ሁሉ ለእሷ ሩማቲዝም ነው። በዚህ የሚስቅብን ካለ ግን፣ በ1800 የፓሪስ ሐኪሞችም ከእኛ ብዙ አይሻሉም ነበር። የእነሱ ቃል «ጉት» ነበር፣ የእኛው ሪህ ማለት ነው፤ ያበጠ መገጣጠሚያ በብዛት ወደዚያ ስም ይገፋ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሕመም ከዚህ የጅምላ ስም ተለይቶ እስኪወጣ፣ ከዚያም አጥንት ሳይበላ በፊት በእጅ ውስጥ በዓይን እስኪታይ ድረስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቷል። ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተነሳሁት እጃችን እንጀራችን ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ ምን እንደሆነ ልበል። በሽታን ሊከላከልልን የተፈጠረው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን ያጠቃል። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብስ ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ሲቆይ አጠገቡ ያለውን አጥንት ይበላል። ከመቶ አዋቂ ሰው አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያዘው፤ ከተያዙት ውስጥ ግን ሴቶች ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትናንሾቹ መገጣጠሚያዎች ነው፤ በጣት አንጓ፣ በእጅ አንጓ፣ በእግር ጣት ግርጌ፤ ደግሞም በሁለቱም በኩል።

ከሥራ ብዛት ከሚመጣው ሕመም የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፣ እሱን ልብ በሉልኝ። ሥራ ያደከመው እጅ ማታ ያማል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። ይሄኛው ተቃራኒ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ጠዋት እንደ እንጨት ይደርቃል፤ አንድ ሰዓትም ከዚያም በላይ ጣት አልታጠፍ ይላል፤ ሲንቀሳቀስ ነው የሚላላው። አስቡት እንግዲህ። ጠዋት የቡናውን ረክዌ ማንሳት ያቃታት ልጅ፣ ቀትር ላይ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ የምታይ ማዳም ምን ትላለች? «ጠዋት ስንፍናሽ ነው» ትላለች። ልጅቷ አልዋሸችም። ሕመሙ ነው ውሸታም የሚያስመስላት።

ወደ ፓሪስ ልመለስ። በከተማዋ ሳልፔትሪየር የሚባል ትልቅ ግቢ አለ። ቀድሞ የባሩድ መሥሪያ ነበር፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከ1656 ጀምሮ ግን መንግሥት ድሆችን ከመንገድ እያነሳ የሚያጉርበት ቤት ሆነ፤ ይህ ግቢ የተመደበው ለሴቶች ነበር። ለማኝ፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት፣ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ሴተኛ አዳሪ እየተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች እዚያ ኖረዋል፣ እዚያም ሞተዋል። ኦጉስታን ላንድሬ-ቦቬ የሚባል የ28 ዓመት ሐኪም በዚያ ግቢ ሲሠራ ዘጠኝ ሕመምተኞችን ልብ አላቸው። መገጣጠሚያቸው አብጧል፣ ጣታቸው ተጣሟል፤ ስሙ ያው ጉት ነው። ለእሱ ግን ነገሩ አልገጥምለት አለ። ጉት በዚያ ዘመን የጌቶች በሽታ ነበር፤ ሥጋና ወይን ጠጅ የማያጣ ጉልበተኛ ወንድ የእግሩ አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ የሚያስጮኸው ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ ድሆች ናቸው፣ ደካሞች ናቸው፣ ሴቶች ናቸው። ሕመማቸው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ብዙ መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ዓመታት ይቆያል።

በ1800 የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ላይ አደረገ። አዲስ ዓይነት ጉት አለ ብለን እንቀበል ወይ? ብሎ ነው የጠየቀው። አዲስ መሆኑን አየ፤ ጉት አለመሆኑን ግን አላየም፣ ከቃሉ መውጣት አቃተው። ቢሆንም ዛሬ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ሕመሙን መጀመሪያ በግልጽ የጻፈው እሱ ነው ይላሉ። የእሱ ስም በየመጽሐፉ አለ። የዘጠኙን ሴቶች ስም የሚጠራ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ሳስበው፣ ግኝቱ ግማሹ የእነሱ ነው፤ እጃቸውን አሳዩት እኮ።

ቃሉን ያፈረሰው የለንደኑ አልፍሬድ ጋሮድ ነው። የጉት ሕመምተኛ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር እንደሚበዛ በ1848 አሳየ። ኋላም ማንም የሚገባው ፈተና አወጣ፤ ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ በሳህን አድርጎ፣ ጥቂት አሲድ ጨምሮበት፣ ክር ይነክርበታል። ቆይቶ ክሩ ላይ ክሪስታል ከወጣ ሰውየው ጉት አለበት። የሌሎቹ ሕመምተኞች ክር ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ የተለየ በሽታ ነው ብሎ በ1859 በመጽሐፉ አዲስ ስም ሰጠው፤ ዛሬ የምንጠራበት ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለው ስም የእሱ ነው።

ስም ወጣ እንጂ ሕመሙ አልታየም። የሐኪሙ መሣሪያ ዓይኑና ጣቱ ብቻ ነበሩ። በ1895 መጨረሻ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሬንትገን ራጅን አገኘ። መጀመሪያ በራጅ ካነሳቸው የሰው አካላት አንዱ የሚስቱ የአና በርታ እጅ ነው፤ አጥንቶቿና የጣቷ ቀለበት ጥቁር ሆነው ይታያሉ። የሴት እጅ ነው፣ አያችሁ? እኛን ግን ከአዲስ አበባ ስንነሳ ራጅ ያነሱን ደረታችንን ነው። ሳንባችን ንጹሕ መሆኑን፣ እርጉዝ አለመሆናችንን፣ ደማችን ውስጥ ምን እንዳለ ሳያዩ አይልኩንም። ልንሠራበት የምንመጣበትን እጅ ግን ማንም አላየው።

ራጅ ለሩማቶይድ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ጉድለት አለው። የሚያሳየው አጥንትን ነው። የተቆጣው ሽፋን ሥጋ ነገር ስለሆነ ለራጅ እንደ ጥላ እንኳ በደንብ አይታይም። ሕመሙ በራጅ የሚታወቀው አጥንት መበላት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ወራት ወይም ዓመታት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ሌላው መንገድ የመጣው ከባሕር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝንና የፈረንሳይን መርከብ እየሰበሩ ሲያስቸግሩ፣ ፖል ላንዥቨን የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ውሃ ውስጥ መላክ ጀመረ። ድምፁ ብረት ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ገደል ማሚቶ ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደተመለሰ ከተቆጠረ ነገሩ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ይታወቃል። ድምፁን የሚያወጣው ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥም ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን የድንጋይ ጠባይ ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ በ1880 ነበር ያገኙት። በዓረብ አገር ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ አልትራሳውንድን «ሱናር» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ስሙ ከዚያው ከመርከቡ ሥራ የመጣ ነው። ሊባኖስ ደግሞ «ኤኮ» ይላሉ፣ ማሚቶ ማለታቸው ነው።

ወደ ሴት ሆድ ያመጣው የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አየር ኃይል ውስጥ ስለነበር ራዳርና ሶናር አዲስ አልነበሩለትም። ከከተማው አጠገብ ቦይለር የሚሠራ ፋብሪካ ነበር፤ እዚያ ብረት ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነ በድምፅ ይፈትሹ ነበር። በ1955 ዶናልድ ከሴቶች በቀዶ ጥገና የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭኖ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ፋብሪካውም ለማነጻጸሪያ አንድ ትልቅ ሙዳ የበሬ ሥጋ አቀረበለት። (ሥጋው በኋላ ምን እንደሆነ አልተጻፈም፤ እኛ ብንሆን እናውቅ ነበር።) ፈሳሽ የቋጠረው ዕጢ አንድ ዓይነት ማሚቶ፣ ድፍኑ ሌላ ዓይነት ማሚቶ ሰጠ። በ1958 ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሥራውን አወጣ። በዚያ ጊዜ ካዩአቸው አንዷ በሆድ ካንሰር ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ነበረች። በድምፅ ሲያይዋት ፈሳሽ የቋጠረ የእንቁልጢ ዕጢ ሆነ፤ ወጣላት፣ ዳነች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልትራሳውንድ ማለት ለእኛ እርግዝና ማለት ነው። ታዲያ ለምን ወደ እጅ ለመምጣት ያን ያህል ቆየ? ምክንያቱ የድምፁ ቅጥነት ነው። ወፈር ያለው ድምፅ ጥልቅ ይሄዳል፣ ግን ጥቃቅኑን አይለይም፤ ቀጭኑ ጥቃቅኑን ይለያል፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ለፅንስ ጥልቀት ነው የሚፈለገው። ለጣት ደግሞ በሰከንድ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ያን የሚችል መሣሪያ በየሐኪም ቤቱ የገባው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከትልቁ መገጣጠሚያ ጀመሩ። በ1972 ከጉልበት ጀርባ የሚወጣውን የፈሳሽ እባጭ በእግር ሥር ውስጥ ከሚረጋ ደም በአልትራሳውንድ ለዩት፤ ሁለቱም እግር ያሳብጣሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። በ1978 የካናዳ ሐኪሞች በሩማቶይድ የተቆጣ የጉልበት ሽፋን አዩ። የጣሊያን ሐኪሞች የሩማቶይድ ሕመምተኞችን እጅ፣ ያበጠ ሽፋኑን፣ ጅማቱንና የተበላውን አጥንት አይተው ያወጡት በ1988 ነው። ከጉልበት እስከ ጣት አሥር ዓመት!

በ1990ዎቹ ደግሞ ቀለም ተጨመረ። ዶፕለር ይባላል፤ ክርስቲያን ዶፕለር የሚባል የኦስትሪያ ሰው በ1842 ባወጣው ሐሳብ የሚሠራ ነው። አምቡላንስ እየጮኸ ሲቀርባችሁ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፋችሁ ይወፍራል አይደል? ሐሳቡ እሱው ነው። የሚንቀሳቀስ ደም ማሚቶውን ይለውጠዋል፤ መሣሪያው ያን ለውጥ ቀለም ቀብቶ ያሳያል። ጤነኛ የመገጣጠሚያ ሽፋን ውስጥ የሚታይ የደም ፍሰት የለም ማለት ይቻላል። የተቆጣ ሽፋን ግን አዳዲስ የደም ሥር ያበቅላል፣ በስክሪኑ ላይ ቀይና ብርቱካን ሆኖ ይበራል። ሐኪሞች ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጡታል።

መሣሪያው ብቻ ግን ታሪኩን አያስረዳም። ቀድሞ ማየት የሚጠቅመው ቀድሞ ማከም ከተቻለ ነው። በ1948 አሜሪካ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም በሩማቶይድ አልጋ ላይ ለዋለች የ29 ዓመት ሴት መጀመሪያ ኮርቲዞን ሰጠ፤ በጥቂት ቀን ተነስታ ሄደች፣ ዓለም ጉድ አለ። በ1950 ከሁለት ሌሎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ግን መድኃኒቱ በብዛት ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ቶሎ ታየ፤ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል። ዛሬም ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ገዝተው የሚውጡት እህቶች አሉን፤ ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል፣ ሐኪሙ ሲመረምርም እብጠቱን ይደብቅበታል። በ1980ዎቹ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን በትንሽ መጠን ሲሰጥ ሕመሙን እንደሚይዘው ተረጋገጠ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። ያኔ ነው «አጥንት ከመበላቱ በፊት እንድረስ» የሚለው ነገር ትርጉም ያገኘው፣ አልትራሳውንዱም የተፈለገው።

ቁጥሩን ያመጡት የእንግሊዝ አገር የሊድስ ሐኪሞች ናቸው። በ2000 ባወጡት ጥናት የ100 ሕመምተኞችን የጣት አንጓ በራጅም በአልትራሳውንድም አዩ። ራጅ በ17 ሰው ላይ 32 የተበላ ቦታ አሳየ። አልትራሳውንድ በ56 ሰው ላይ 127 አሳየ። እነዚያን ትርፍ ሰዎች አስቧቸው፤ ራጃቸው «ንጹሕ» ነው ተብሎ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ሌላው ምክንያቴ የሚመጣው። በቤይሩት ስድስተኛ ዓመቴ ላይ ጠዋት ጠዋት እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ራጅ አነሱኝና «ምንም የለብሽም፣ በረኪና ቀንሺ» ብለው መለሱኝ። ማዳም ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ «ያመኛል» ስል የሚያምነኝ አልነበረም። ወራት ቆይቶ ከማኅበራችን አንዷ እህት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ሴት ነበረች። እያንዳንዱን የጣት አንጓ በአውራ ጣቷ ተራ በተራ ተጫነች፤ ከዚያ በፊት እጄን እንደዚያ የያዘው ሐኪም የለም። ደም አዘዘች። ከዚያ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ (ጄሉ አየር እንዳይገባ ነው፣ ድምፁ አየርን አያልፍም) መሣሪያውን እጄ ላይ አደረገች፣ ስክሪኑንም ወደ እኔ አዞረችው። አጥንቱ ነጭ መስመር ነው። ከላዩ ጠቆር ያለ እባጭ አለ። ቁልፍ ስትጫን እባጩ ውስጥ ቀይ ቀይ ነጥብ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ከልብ ምቴ ጋር። «እዚህ ነው የሚያምሽ» አለችኝ፣ ሳልነግራት። እሷ የነካችው ቦታ በእውነትም እሱ ነበር። እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ከሐዘን አይደለም።

ለኤኮው ኢንሹራንሴ አልከፈለም፤ እሱ የሆስፒታል አልጋ እንጂ እንዲህ ያለውን አይሸፍንም ተባልኩ። የእቁብ ተራዬ ደርሶ ነበር፣ በእሱ ከፈልኩ። ሐኪሟ ሜቶትሬክሴት ስታዝልኝ ሁለት ነገር ደጋግማ ተናግራለች፤ እኔም ልድገመው። በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው፣ በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ጨርሶ አትወስደውም፣ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

አሁን «እንግዲያውስ ሁላችንም ኤኮ እንነሳ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታሪኩ እዚያ ላይ አላቆመም። በ2016 የስኮትላንድም የኖርዌይም ሐኪሞች ሕመሙ ገና የጀመራቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ያወጡት ጥናት አለ። አንደኛው ወገን መድኃኒቱ የሚስተካከለው በየጊዜው በሚታይ አልትራሳውንድ ነው፤ ሌላው በሐኪሙ ምርመራና በደም ውጤት ብቻ። በዋናው ውጤት ሁለቱ ወገን አልተበላለጡም። ለመሣሪያ ሻጭ መጥፎ ወሬ ነው፤ ለእኛ ለኪሰ ባዶዎቹ ግን ደህና ወሬ ነው። በየቀጠሮው ኤኮ መክፈል የግድ አይደለም። የግድ የሆነው በየጊዜው አንጓችንን እየተጫነ የሚመረምርና መድኃኒቱን የሚያስተካክል ሐኪም ነው። ኤኮው የሚጠቅመው በጥርጣሬው ቦታ ነው፤ ሴቲቱ ታምሜያለሁ ስትል፣ ራጁ ንጹሕ ሲሆን፣ ደሙም ምንም ሳይል ሲቀር። የደም ምርመራው ምንም ሳያሳይ በሽታው ያለባቸው ሰዎች አሉና።

ሐኪም ዘንድ የምትሄድ እህት ካለች፣ «እጄን ያመኛል» ብቻ ብላ እንዳትመለስ። ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚደርቅ ሰዓት አይታ ትቁጠር፣ ስንት ሳምንት እንደቆየ ትናገር፣ ሁለቱም እጅ ከሆነ ሁለቱም ትበል። ያበጠውን ጠዋት በስልኳ ፎቶ ታንሳው፤ ቀጠሮ ከሰዓት ከሆነ እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል። በዓረብኛ መገጣጠሚያ «መፋሲል» ነው፤ የዚህ ሐኪም «ሐኪም መፋሲል» ይባላል። የጠዋቱ መድረቅ ደግሞ «ተየቡስ ሰባሂ» ነው።